የእግሬ ልክ

ዓርብ ከሰዓት ነው። ዳቦ ቤቱ ዛሬ ያለኔ ይጋግራል፤
ዘጠኝ መቶ ድርሃሜ ፖስታው ውስጥ በላብ ርሷል።
ሻርጃ፣ ኢንዱስትሪው ሰፈር፣ ከጎማ ቤቶቹ ኋላ፣
ሹኩር ከሚሉት ኬረላዊ ሱቅ ገባሁ፣
ከዚያ ፀሐይ ወደ ካቴና ዘይት ጥላ።

እስከ ዛሬ የነዳሁት
ሮዛሊን ማኒላ ስትገባ የተወችልኝን ነው፤
ቅርጫት ያለው፣ ፍሬኑ የሚያለቅስ፣
ከመኝታ ቤታችን እስከ ኮርኒሹ የሚደርስ፣
ከኮርኒሹ እስከ ዓሣ ገበያው።
ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው።
ብስክሌት የለመድኩት ባለፈው ረመዳን፣
ባዶ መኪና ማቆሚያ ላይ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፤
ስወድቅ ያየችኝ አንዲት ድመት ብቻ ነበረች፣
እሷም ፊቷን አዞረች።

አሁን ግን ያ መንገድ ይጠራኛል፣
ወደ አል ዘይድ የሚወስደው፣
አሸዋ አስፋልቱን በደረቱ እየተሳበ የሚሻገረው፣
ግመል አጥር ተደግፎ የሚያላምጥበት።
ባለፈው ሃያ ኪሎ ሜትር ሄጄ ወገቤ ተቆረጠ፤
ቅርጫቱ ነፋሱን እንደ ዕቃ ተሸክሞ።

ከጣራው ላይ ተሰቅለዋል።
አንዱ ጥቁር ነው፣ ካርቦን። በሁለት ጣቴ አነሳሁት፤
ከመቅለሉ የተነሳ ሐሜት የያዝኩ መሰለኝ።
ዋጋውን ሲነግረኝ ግን መልሶ ከበደኝ።
«ይሄን የሚገዙት» አለ፣ ሁላችን በምንሰባብረው ዓረብኛ፣
«ሁለት ኪሎ ለመቀነስ አሥር ሺህ ይከፍላሉ፤
ቁርስ ቢተዉ በነፃ ነበር።»

ሌላው ቀይ፣ አንገቱን የደፋ፤
ስወጣበት ደረቴ ከመሪው ላይ ተደፋ።
ለሚሸሽ ሰው ይሆናል።
እኔ አልሸሽም፤ ሄጄ ልመለስ ነው።

ያኔ ሹኩር ሜትሩን አወጣ።
«ጫማሽን አውልቂ፣ ተረከዝሽን ከግድግዳው።»
የደረሰኝ ደብተሩን ሰጠኝ፣ «ከጭንሽ ሥር ራስሽ ያዢው»
ብሎ ፊቱን ወደ ጎዳናው መለሰ።
ሜትሩን ከወለሉ እኔው ሳብኩት፣ እኔው አነበብኩት።
ሰባ አራት።

ስምንት ዓመት በዚህ አገር።
የለበስኩት የደንብ ልብስ ከኔ በፊት ለሄደችው የተሰፋ፣
የተኛሁበት የአልጋ ፎቅ እግሬን አጥፌ የምገባበት፣
ጫማዬ «ያለው ይሄ ቁጥር ነው» የተባልኩት።
ስሜ እንኳ፣ እታፈራሁ፣ ለአፋቸው ረዝሞ «ፈራ» ሆነ፣
ከዚያ «ፋራ»፤ በነሱ ቋንቋ ደስታ ማለት ነው አሉኝ፤
በኛ ምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም።
የእግሬን ልክ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።
ለካ እኔም አላውቀውም ነበር።

ሹኩር ከጥጉ አንድ አረንጓዴ ጎትቶ አመጣ።
ብረት ነው። ቀለሙ ተልጧል፤
ጎኑ ላይ የሌላ ሰው ስም በምላጭ ተፍቋል።
«ይከብዳል» አለ፣ «ግን ብረት ምሥጢር ይይዛል፤
የመንገዱን ጉድጓድ ሁሉ ሄዶ ለወገብሽ አይናገርም።
መሪው ከፍ ይላል፣ ጎማው ሰፋ ያለ ይቀበላል፣
የኋላውን ጥርስ አበዛሁልሽ፣ ለዳገት።»
«የምን ዳገት?» አልኩት፣ አገሩ እንደ ምጣድ ሜዳ ሆኖ።
ሳቀ። «እዚህ ዳገቱ ነፋስ ነው።»

ስምንት መቶ ስልሳ። ሠላሳው ለኋላ መብራት፣
አሥሩ ለውኃ ጠርሙስ ማቀፊያ።
ለአውቶቡስ አልተረፈኝም።

ስለዚህ ነዳሁት።
አደባባዩን ዞሬ፣ ሲሚንቶ ጫኞቹን አሳልፌ፣
ነፋሱ ከፊት፣ ጨው ጨው እያለ።
ኮርቻው ከለመድኩት ሁለት ጣት ከፍ ብሏል፤
እግሬ ታች ሲደርስ ይዘረጋል፣ ይዘረጋል፣
ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ይቆማል።
«ያቺን ጥቂት አትንኪያት» ብሎኛል ሹኩር፣
«የመንገዱ ድርሻ ናት።»