ነፋሱ የት ደረሰ

ጧት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ኮምቦልቻ ጭጋጓን ስትገፍፍ፣
ነጩን ሣጥን ከፍቼ ሙቀቱን እጽፋለሁ።
ከምሰሶው ጫፍ ላይ የብረት ጽዋዎቹ
ከቆሙ «ቆመዋል»፣
ከዞሩም ስንቴ እንደዞሩ እጽፋለሁ።
ሃያ ስድስት ዓመት።
ዝናብ በጣሳ ስለካ፣
ሰማዩን ስምንት ቦታ ከፍዬ
ስንቱን እጅ ደመና እንደወሰደው ስቆጥር፣
ባሕር አላየሁም።

ዘንድሮ ባሕሩ ራሱ ቢሮዬ ድረስ መጣ።
በስልክ ነው የመጣው፦ ኬክሮስ፣ ኬንትሮስ፣
የነፋሱ ጉልበት፣ ፊቱን ያዞረበት።
ካርታ ዘርግቼ አራቱን ማዕዘን
በቦርከና ጠጠር፣ ውኃ ባሻሸው፣ አስያዝኩ፤
በእርሳስ ነጥብ አኖርኩ።
በማግስቱ ሌላ። በሠልስቱ ሌላ።
ነጥብ ከነጥብ ሲያያዝ መንገድ ይመስላል፤
መንገዱ የሚያውቀው ግን ትናንትን ብቻ ነው።

ስም አውጥተውለታል።
የአበባ ስም ነው አሉ፣ በተራ የደረሰው።
እኛ ዘንድ ነፋስ ስም የለውም፤
ጣራ ሲነቅል «ነቀለ»፣
ማሽላ ሲያስተኛ «አስተኛ» ነው፤
ይሄንን ማን ክርስትና አነሣው?
ማንስ በጆሮው አዛን አሰማው?

ሉባባ መጣች። ከአጥሩ ሥር ቆማ፣
የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ይዛ፣
«አንተ የአየሩ ሰውዬ፣ ነፋሱ የት ደረሰ?»
«ደሞ አንቺ በምን ሰማሽ?»
«ሰኞ ባቲ ገበያ፣ ከቆላ የወጡ ሰዎች
ባሕሩ ከፍቷል ሲሉ።
ልጄ እኮ ኦቦክ ናት። ነኢማ።
ጀልባ ስትጠብቅ ሦስት ሳምንቷ።»

አስገብቼ አሳየኋት።
ሊያልፍበት የሚችለውን በእርሳስ አጥቁሬዋለሁ፣
ከወዲህ ቀጭን፣ ከወዲያ እንደ መለከት አፍ የሰፋ።
«ዛሬ እዚህ ነው። ይሄን ዐውቃለሁ።
ነገ ከዚህ እስከዚህ።
ከነገ ወዲያ...» መዳፌን ዘረጋሁ፤
በርበራም ሥሩ ገባች፣ ኤደንም፣ ኦቦክም።
«ታዲያ ይሄ ማወቅ ነው?»
«ያለማወቃችን ልኩ ነው፣» አልኳት።

ከመቀነቷ ቋጠሮ ፈታች፤
አንዲት የማሽላ ፍሬ።
ኦቦክ ላይ አኖረቻት።
«ይቺ እሷ ናት። እንዳትነካብኝ።»

በየጧቱ መጣች። ፍሬዋ አልተነቃነቀችም፤
እርሳሴ ግን ሶኮትራን አለፈ፣
ጣት በማይሞላ ርቀት ተጠጋት።

በአራተኛው ቀን ስልኩ ምሥራች አለኝ፦
ነፋሱ ወደ ደቡብ ዞሯል፤ ላልቷል፤
ከበረሃው አሸዋ ላይ ወጥቶ ይሞታል።
ካፖርቴን ሳልቆልፍ እስከ አጥሩ ሮጥኩ።
«አብሽሪ ሉባባ! አብሽሪ፣ እየሞተ ነው!»

ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።
«ለምን ይሞታል?» አለች።
«ማዕበል ካለ ጀልባ አይነሣም።
አራት ሌሊት ሙሉ ዱአዬ ይሄ ነበር፦
ያ ረቢ አቆየው፣ ነፋሱን አትግራው፤
ባሕሩ ይቆጣ፣ ባለጀልባ ይፍራው፤
ስንቋ እስኪያልቅባት፣ እስኪሟጠጥ ብሯ፣
እግሯ እስኪመለስ ወደ ገዛ በሯ።»

የሚመጣውን ማወቅ ነበር ሥራዬ፤
ለማን እንደሚመጣ አላስተማሩኝም።
ስልኬን ሰጠኋት። ደወለች። ደግማ ደወለች።
የሴትዮዋ ድምፅ ብቻ፣ በማናውቀው ቋንቋ፣
በትሕትና፣ አንድ ነገር።

ዛሬም ሦስት ሰዓት ላይ ሣጥኑን ከፈትኩ።
ጽዋዎቹ ቆመዋል። መዝገቡ ላይ፦
«ነፋስ፣ የለም። ሰማይ፣ ጥርት ያለ።»
ካርታውን ላጥፍ ስል ፍሬዋን አየኋት።
አይጥ አልበላትም፤ ጉንዳን አልጎተታትም።
ጠጠሮቹን መልሼ በየማዕዘኑ አኖርኩ።

ከአጥሩ ሥር የላስቲክ ጫማ ኮቴ ይሰማል።
መስኮቱን ዘጋሁ፣
ሽውታ እንኳ እንዳያነሣት።