ስምንተኛ መ

የእጅ ጽሑፌ ያምራል፣ ይህን ሁሉም ያውቃል፤
ጳጉሜ ላይ ዝርዝሩ ወደ እኔ ይላካል።
ጉም በመስኮት ገብቶ ከጎኔ ሲቀመጥ፣
መሐል ሜዳ በርዶ፣ ልጅ ከልጅ ስመርጥ፣
«በችሎታ» አሉኝ ርዕሰ መምህሩ፣
«ጎበዙ ከጎበዝ፣ ሰነፉም ከዘሩ።»
የመጨረሻዋን ቃል እንደ ሳል ሰማኋት፤
ሰውን ሳል ሲይዘው ማን ይጠይቀዋል? አለፍኳት።

ሀ መስታወት አለው፣ ጠዋት ፀሐይ ያያል፤
ሰሌዳው ገና አዲስ፣ ቀለም ቀለም ይላል።
ለ ይከተለዋል፣ ሐም አለ ወረድ ብሎ።
መ ግን ከአጥሩ ጥግ፣ ከሽንት ቤት ማዶ፣
የእህል መጋዘን ነው፣ መስኮት የለው፣ ባዶ።
እዚያ ነው የሸክላ ሠሪዋ የወይዘሮ አመለወርቅ ልጅ፣
እዚያ የሸማኔው መንትዮች፣
እዚያ የፋቂው የመጨረሻ ልጅ፣
አንድ መጽሐፍ ለስድስት፣ ገጹ የተገነጠለ።

እታፈራሁ ሸዋንግዛው።
አባቷ ብረት ቀጥቃጭ ነው። ውጤቷ ዘጠና አንድ።
እኔ ሀ ላይ ጽፌያት ነበር፣ በሰባተኛው ረድፍ፤
ቀለሙም ደርቆ ነበር።
ሁለት እናቶች ጃንጥላ ይዘው ገቡ።
አንዷ፣ «ልጄ አምና ከጎኗ ተቀምጦ
ሆዱን ሲቆርጠው ከረመ» አለች፣ «ምንም ማለታችን አይደለም።»
ያቺ ቃል አልተነሣችም፤ ማንም በስሟ አልጠራትም፤
ግን ወንበር ስበንላት አብራን ተቀመጠች።
ርዕሰ መምህሩም፣ «ከመሰሎቿ ጋር ብትሆን
ለራሷ ለልጅቷ ነው» አሉና
ምላጭ አቀበሉኝ።

ቆዳ የሚፍቀውን ፋቂ እንለዋለን፤
ስም የሚፍቀውን መምህር እንላለን።

ጥቅምት ላይ ጠየቀችኝ፣ መጋዘኑ ደጅ፣
«መምህር፣ ሀ እና ሐ ሲነበቡ አንድ ናቸው አይደል?
ታዲያ ያንን ከፊት፣ ይሄን ከኋላ ማን አሰለፋቸው?»
ሃያ ዓመት አስተምሬያለሁ።
«ክፍልሽ ግቢ» አልኳት።

ኅዳር ላይ ደወላችን ተሰነጠቀ፤ የአሮጌ መኪና ቸርኬ ነው።
ሸዋንግዛው ወስዶ ገጠመው፣ ዋጋም አልጠየቀ፤
ከአጥር ውጭ ቆሞ አንዴ ሲመታ ሰማና
ራሱን ነቅንቆ ሄደ።
በዚያ ድምፅ ሀም ይገባል፣ መም ይገባል፤
የሒሳቡ መምህር ግን መ ጋ ሲደርስ ይደክመዋል፣
ከሳምንቱ አንድ ቀን ብቅ ይላል፣ እሱንም ገበያ ካልሆነ።

ሰኔ ላይ ውጤት መጣ፤ ከሀ ሁሉም አለፈ፣
ከመ አርባ ስምንት ልጅ አራቱ ተረፈ።
«አላልኩም?» አሉ እሳቸው፣ ሻይ አዘዙልኝ፤
«ምክንያቱን ለወረዳ አንተ ጻፍ» ቢሉኝ
«የተማሪዎቹ ዝቅተኛ ችሎታ» አልኩ፤
በዚያ በሚያምር እጄ። ከሥሩም አሰመርኩ።

እታፈራሁ ከአራቱም የለች፣ ከወደቁትም የለች።
ከሚያዝያ ጀምሮ ከስሟ ፊት ለፊት
ቀ ቀ ቀ ቀ ይላል፤ ቀረች ማለት ነው።
ጮክ ብዬ ሳነበው
መዶሻ ብረት ላይ ሲያርፍ ይመስላል።

ትናንት መዝገቡን አውጥቼ ወደ መስኮቱ ያዝኩት።
ሀ፣ ሰባተኛው ረድፍ ላይ ወረቀቱ ሳስቷል፤
በእሷ ቦታ የጻፍኩት የእህቴን ልጅ ነው፣
ስልሳ ስምንት ያመጣውን።
ይህን ማንም አላዘዘኝም።
ምላጭ የነካው ወረቀት ቀለም አይይዝም፤
ፊደሎቹ ዙሪያቸውን ፈስሰው ሥር ሥር አውጥተዋል።
ገጹ ሙሉ የሚያምር ጽሑፍ ነው፣
ከዚያች ከአንዷ መስመር በቀር።