ታኮ

ሻጩ ቢጁ ይባላል፣ የኬረላ ልጅ ነው፤
አረብኛው እንደኔ ተለምኖ ነው የሚመጣው።
በሳላላ ኸሪፍ፣ ካፊያው በወንፊት ሲነፋ፣
መኪናዋን ከፈተልኝ፣ ፕላስቲኳ ሳይገፈፍ፣ ሽታዋ ሳይጠፋ።

«ይኸ ራዳር ነው» አለኝ፣ «ጭጋግ የሚሰነጥቅ፤
ይኸ ከጎንህ ያለውን፣ መስታወትህ የማያውቀውን የሚያውቅ፤
ይኸኛው መስመር ስትለቅ መሪውን ይዞ ይመልስሃል፤
ይኸ ደግሞ ስታንቀላፋ ስኒ ስሎ ‹እረፍ› ይልሃል።»
ኤርባጉን ቆጠርን። አንዱ ከመሪው ሆድ፣
አንዱ ከጉልበቴ ሥር፣ እንዳኮረፈ ዘመድ፤
ሌላው ከጣራው ክዳን፣ ሌላው ከበሩ ጎን፣
ዘጠኝ የአየር ትራስ፣ ላንዲት ቅጽበት ብሎ የተኛልን።
«ጀውሃር፣ ገባህ?» አለኝ። «ገባኝ» አልኩት።
ግማሹን እውነቴን ነው፣ ግማሹን ራሴን ነቅንቄ አለፍኩት።

እኔ ከኮምቦልቻ ሚሌ አይሱዙ ስነዳ
ማን መጽሐፍ ይገልጥ ነበር፣ ማን ያይ ነበር ሰሌዳ?
ይመር ነበር ሁሉም።
ካሜራዬ ይመር፦ «ና! ና! ና! ሰብረህ ና!... ቁም!»
በሩን በመዳፉ ደብድቦ፤ ድምፁ ዛሬም ጆሮዬን አይለቅም።
ራዳሬ ይመር፦ በመስኮት እስከ ወገቡ ወጥቶ፣
ፍየሉን፣ ጋሪውን፣ ትራፊኩን ከሩቅ አይቶ።
የእጅ ፍሬኔም ይመር። ዳገት ላይ «ታኮ!» ስለው
ከጭነቱ ጫፍ ዘሎ ድንጋዩን ከጎማው ሥር የሚጥለው፣
«ያዘ!» የሚለው
እሱ ነው።

አሁን አንዲት ቁልፍ አለች፣ ከጥፍሬ የምታንስ፤
ጫን ሲሏት መኪናው ቀጥ ይላል፣ ዳገት ላይ የለም መመለስ።
ቢጁ ሲያሳየኝ «ያዘ» አልኩ፣ በለሆሳስ።

ስለ ቀበቶው ባላወራ በወደድኩ፤ ግን ይውጣ።
ሰሌዳው ላይ ድንክ ሰዎች አሉ፤ ያልታሰረ ሰው ሲመጣ
አንዱ ቀይ ይለብሳል፣ ጩኸቱ ጆሮ የሚበጣ።
ከኋላ ሰዓዳ ናት፣ የሐይቅ ልጅ፣ ሙዝናን በጭኗ አቅፋ፤
መቀመጫው ሲመዝናት ያቺ ድንክ ትቀላለች፣ በርታ ጠፋ፣ በርታ ጠፋ።
ስለ ሰዓዳ በዚያ ቤት የጮኸ
ያ የመጀመሪያው ነበር።

ማማ ኡም ሳሊም ግንባራቸውን ይዘው «ዝም አሰኘው» አሉኝ።
የድሮ ሹፌር ብልሃት መች አጥቶ ያውቃል?
ባዶውን ቀበቶ ቆለፍኩና ሰዓዳን ከላዩ አስቀመጥኳት።
አረንጓዴ በራ። አዲሷን መኪና፣ በሦስተኛ ቀኗ፣ መዋሸት አስተማርኳት።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ጀበል ወጣን፣ ሣሩን ሊያዩ፣ ጭጋጉን ሊያሸቱ።
ከፊት የለም፣ ከኋላ የለም፤ ጥጥ ነው፣ ባዘቶ ነው አስፋልቱ።
እኔ ምንም አላየሁም። እሷ አየች።
እግሬ ሳይነሳ ፍሬኑ ተረገጠ፤ እንደ ደነበረች በቅሎ ቀጥ አለች።
ከአፍንጫዋ ስንዝር ላይ አንዲት ግመል፣ እርጥብ፣ ረዥም፣
ዞር ብላ አየችን። ከዚያ ሄደች። አልቸኮለችም።

ሰሌዳው ላይ አራታችንም አረንጓዴ ነን።
ሙዝና ደህና ናት፤ ክንዷን ቀበቶ አድርጋ ነው ሰዓዳ የያዘቻት፤
የራሷን ከንፈር ግን የፊቱ ወንበር ሰነጠቀባት።

ይመርም ከጭነቱ ላይ ነበር፣ ያን ማታ፣ የሐርቡ ቁልቁለት።
ቀበቶ አልተሠራለትም። ለታኮው ማን ታኮ ይሁንለት?

ዳር ያዝኩ። ወረድኩ። የኋላውን በር ከፈትኩ።
የሕፃን ወንበሩን ከነፕላስቲኩ ከዕቃው መሃል አወጣሁ፣ ቢጁ እንዳሳየኝ ገጠምኩ።
የውሸቱን ቀበቶ ፈታሁና ጫፉን ለሰዓዳ ሰጠኋት።
ራሷ ሳበችው፣ ከትከሻዋ እስከ ወገቧ።
ቀጭ።

ኡም ሳሊም ከፊት ዞረው «ምንድነው?» አሉ።
አረብኛውን ፈልጌ አጣሁት።
«ታኮ» አልኳቸው።
አልገባቸውም።
ሰዓዳ ግን፣ ከንፈሯ እየደማ፣ ሳቀች፤
«ያዘ» አለች።