ያልተጻፈ ቃለ ጉባኤ

ሪፖርቱ ደረሰ፤ ታትሞ፣ ተጠርዞ፣
ሠላሳ ገጽ ሙሉ ቁጥር ብቻ ይዞ፤
ስንት ነጭ በትር፣ ስንት ብሬል ወረቀት፣
ዓይን የታከመ በስንት ቀበሌ፣ በስንት ቤት።
ደግ ነው፣ አይከፋም፤ ለጋሽ ይወደዋል።
የየኔታ ጭንቅላት ግን ከጥራዙ ቀርቷል።

ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሞጣ። ክረምት። ጭቃ።
የየኔታ ይስማው መሪ ነኝ፣ በቃ፤
እኔ የበትሩን ጫፍ፣ እሳቸው እጀታ፣
ከደጀ ሰላሙ እስከ ገበያ ቦታ።
መሪ ተባልሁ እንጂ መንገዱን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤
«ግራ በል፣ ቆዳ ፋቂው ጋ ነን» ይላሉ፤ አፍንጫ ነው ካርታቸው።

ያን ክረምት ነው እንግዲህ አንሙት የሞተው፣
ስሙ እንዲያ ሲማጸን ማንም ያልሰማው።
ዘመድ የለው፣ እድር የለው፤ በደጀ ሰላም ጥግ
ሁለት ቀን ዘነበበት፣ ገናዥ እስኪፈለግ።

በሦስተኛው ማታ ሰባት ዓይነ ስውር
ከግምቡ ሥር ሆነው አወሩ በምሥጢር።
በየኔታ ቆብ ውስጥ ስሙኒ ጠብ ጠብ አለ፤
ድምፁን ቆጠሩት፦ ሰባት። አልጎደለ።
ማኅበር ሆነ በዚያው፤ ስም አልወጣለትም፤
ዓላማው መቀበር ነው፤ ስለ መኖር ገና አልታሰበም።

ጸሐፊ ያስፈልጋል። ማን ይጽፋል? ዝም።
ጉሮሯቸውን ጠረጉ የኔታ፦ «እኔስ አልረሳም።»
እንዲያ ነው የተያዘ የዐሥራ አንድ ዓመት መዝገብ፣
ምስጥ ሳይነካው፣ ሳያረጥበው ዝናብ፦
«ጥቅምት ዐሥራ ሁለት፤ ልየው አልመጣም፣ ታሟል።
ጓዴ ስሙኒ ጎድሎታል፣ በኅዳር ይከፍላል።
ትርንጎ ስለ ውሻው ተነሥታ ተናግራለች፤
ውሻው የማን እንደሆነ አልታወቀም፤ ሳትጨርስ ተቀምጣለች።»

ገንዘብ ያዥ ግን ዓይናማ ይሁን ተባለ፣ ለወግ፤
ዋሴን መረጡት፤ ዋስ የሚል ስም ያለው፣ ደግ።
ዋሴ ስሙኒውን በብር መነዘረው። ወረቀት አይጮህም።
አንዱን ብር አምስት ብሎ አስቆጠረ፤ ጣት አላወቀም።
ስድስት ወር አለፈ። አንድ ቀን የኔታ ብሩን አንሥተው
አሸተቱት። «ዋሴ፣» አሉ፣ «ይሄ አንድ ነው።»
እንዴት አወቁ? አልነገሩኝም። በግምትም ሳይሆን አይቀሩ።
ዋሴ ግን አለቀሰ። ከዚያ ወዲያ ሳንቲም ብቻ ሆነ፣ ድምፅ ያለው ብሩ።

ኋላ ዘመን ተለወጠ፤ ቀበሌ መጣ፣ ማኅተም መጣ፤
«የማኅበሩ ቃለ ጉባኤ ይቅረብ» የሚል ደብዳቤ ወጣ።
የኔታን ይዤ ገባሁ። ሊቀ መንበሩ «የታለ?» አለ።
«ይኸው» ብለው ቆሙ። ከሐምሌ ጀምሮ ወረደ፣ ቀጠለ፤
ምሳ አለፈ፤ ጠባቂው ጠመንጃውን ታቅፎ አንቀላፋ፤
የትርንጎ ውሻ ላይ ሲደርሱ ሊቀ መንበሩ በሳቅ ጠፋ።
«በቃ!» አለ። ማኅተሙን መታው በባዶ ወረቀት ላይ፣
ምን እንዳጸደቀ እሱም ሳያይ።

ይታይሽ ተምራ መጣች ከሰበታ፣
ወፍራም ወረቀትና ወስፌ መሳይ ብረት በነጠላዋ ቋጥራ፣ አንድ ማታ።
«የኔታ፣ ይንገሩኝ» አለች። እሳቸው አልጋ ይዘዋል።
ሦስት ሌሊት እሳቸው ወግ፣ እሷ ስትወጋ አድረዋል።
ጥቅ፣ ጥቅ፣ ጥቅ ይላል፤ ሌላ ድምፅ አልሰማሁም ነበር።
ኩራዝ አልተለኮሰም። ለማን?
በዚያ ቤት ጨለማ የነበረብኝ እኔ ብቻ ነበርሁ።

አንድ ነገር ዘለሉ፦ የዋሴን፣ የብሩን ነገር።
«ያስ፣ የኔታ?» አልሁ። ወስፌው ቆመ። ውጭ ዝናብ ነበር።
«እሱን እንኳ ረሳሁት» አሉ፣ የማይረሱት ሰው፣
ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው።
አልጠየቀችም ይታይሽ፤ አንድ መስመር ባዶ ትታ
ወደ ኅዳር ተሻገረች። እንዲያ አለቀ፣ በዚያው ማታ።

ዛሬ ከሪፖርቱ ጎን የእሷን ጥራዝ አስቀምጫለሁ።
ማንበብ አልችልም፤ ጣቴን አኑሬ ብቻ እሄዳለሁ፦
ጥቅምት፣ ውሻው፣ ስሙኒው፣ አንሙት፣ ሰባቱ፤
ከዚያ አንድ ቦታ የነጥቡ ኩርንችት ያልቅና፣
ልስልስ ይላል ወረቀቱ።