ቀይዋ ነጥብ

ሃያ ሁለት ዓመት ስሜ አድራሻ ነበር፤
"ፖስታ ቤቱን አልፈህ፣ ሰማያዊው በር።"
ፍሪጅ የታመመበት፣ ማራገቢያው የቆመ፣
በጋሪ ጭኖ መጥቶ ደጄ ላይ የከረመ፣
ሁሉም በቃል ያውቀኝ ነበር። ግንቦት ሲገባማ
ሙቀቱ ነው ሽርካዬ፤ ሥራ አይፈታም አዳማ።

ኋላ ደጄ ጭር አለ። ሰው ስልኩን ይጠይቃል፤
ስልኩ ደግሞ ከኔ ይልቅ የሌላ ደጅ ያውቃል።

ናኦል፣ የእህቴ ልጅ፣ "ገጽ ክፈትና ቡስት አድርግ" ሲለኝ
ሦስት ሺህ ብር ከፈልኩ፤ አሥራ አንድ ሺህ ላይክ መጣልኝ።
ልቡ ቀይ፣ ጣቱ ሰማያዊ፣ ስልኬ ሲንጫጫ አደረ፤
ጠዋት በሬን ስከፍተው ደጄ እንዳለ ነበረ።
ልብ የላከልኝ ሁሉ ባሕር ማዶ ነው አገሩ፤
አውሮፕላን ላይ አይጫን የተቃጠለ ሞተሩ።
በላይክ ጋዝ አይሞላም፤ በልብ ቱቦ አይበየድም፤
በአድናቆት የቤት ኪራይ ከጫንቃ ላይ አይወርድም።

ደግሞ አበዛሁት። ጠዋት ጥቅስ፣ ማታ ቀልድ፣ እሁድ ዘፈን፤
ኮምፕረሰር ፎቶ ሥር ሰው ተሰዳደበ፣ "የናንተ ቡድን መች አሸነፈን!"
መልስ ስጽፍ በአንድ እጄ፣ መበየጃው በሌላው ነደደ፤
ከሰው ፍሪጅ ጎን ላይ የሳንቲም ያህል ቀለም ሄደ።

ኢፍቱ ናት ያስቆመችኝ፣ ሒሳቤን የምትይዘው፤
"ጋሼ፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ወተቱ የተበላሸበት ሰው
ስልኩን ምን ብሎ ይጠይቃል?"
"የኮምፕረሰር ሪዋይንዲንግ" አልኳት፣ ኮራ ብዬ።
ሳቋ ሱቁን ሞላው። "እሱማ ያንተ ቋንቋ ነው፣ ጋሽዬ።
ሰውማ 'ፍሪጄ ያለቅሳል' ይላል፣ 'ከታች ውሃ ያፈሳል'፤
'ሥጋዬ ሸተተ' ይላል፣ 'አዳማ ውስጥ ማን ይደርሳል?'"

ጻፍነው፣ ሰው እንደሚለው፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፤
ዋጋውንም ከነጓዙ፤ የምደብቀው የለኝም።

ካርታው ላይ ግን ቀይዋ ነጥብ መንገድ ስታ አረፈች፤
የሐጂ ቃሲም ጭድ ተራ፣ ግቢው መሐል ወደቀች።
ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰው ፍሪጁን በጋሪ ጭኖ
የሐጂን በር ሲያንኳኳ ከረመ፣ ስልኩን ብቻ አምኖ።
ሐጂም መጡ በመጨረሻ፣ ከዘራቸውን ይዘው፤
"በዳሶ፣ ያንተን በሽተኛ እኔ ነኝ እንዴ የማክመው?"
ነጥቧን በጣቴ ጫፍ ገፋኋት፣ የስንዴ ፍሬ ስፋት፤
መሬት ላይ ሁለት መንገድ ነበር የሐጂና የኔ ርቀት።

እኔም ራሴ እጠይቃለሁ። አዲስ ፍሪጅ በቁጥር ነው ነገሩ፤
"ሠላሳ ሦስት" ብሎ ብልጭ ይላል፣ አይገባም ሚስጥሩ።
መጀመሪያ የወጣው ቪዲዮ "ቦርዱን ቀይር" አለኝ፤ ቦርድ ሻጭ ነው ባለቤቱ፤
ዝቅ ብዬ ያገኘሁት የፋብሪካው መጽሐፍ "ሶኬቱን አጽዳ" ይላል፤ አቧራ ነበር ምክንያቱ።

ከወንጂ አንድ ኮከብ መጣ፤ ትብለጥ የምትባል ሴት ጽፋ፤
"ነገ ብሎኝ ሄዶ አምስት ቀን ጠፋ።"
ደሜ ፈላ። ናኦል ደግሞ "ጓደኞቼ አሉ፤
አምስት አምስት ኮከብ ይስጡህ፣ ፍሪጅ የሌላቸውም ሁሉ።"
ኢፍቱ ዝም አለች። ሒሳብ ሲጎድል ነው እንዲህ ዝም የምትለው።
ቁጭ ብዬ በአንድ ጣቴ ጻፍኩ፦ "እውነትሽን ነው።
ዕቃው ከአዲስ አበባ ዘገየ። መደወል ግን የኔ ፈንታ ነበር፤
ይቅርታ።" ከዚያ በላይ ምን አለ የሚነገር።
በወሩ የአማቷ ፍሪጅ መጣ። ኮከቧ ግን አንድ ናት እስካሁን፤
ትሁን።

አሁን ማታ አሥራ ሁለት ሲል ስልኬ ከመፍቻዎቹ ጋር ይተኛል፤
አንዳንዱ ሽማግሌ ዛሬም ጋሪ ነጂ ጠይቆ ያገኘኛል።
ጋሪ ነጂውም ይሳሳታል፣ እንደ ካርታው። እሱ ግን ይስቃል።

ባለፈው ሐሙስ አንድ ሰው፣ የማላውቀው፣ ጻፈልኝ፦
"ሌሊት ሌሊት ይጮኻል፤ እንቅልፍ ነሳኝ፤ እርዳኝ።"
"እግሩ ሥር ካርቶን አጥፈህ አስገባ፤ ወለሉ ነው" አልኩት።
ይሄን ለማየት ብቻ መቶ ሃምሳ ብር አስከፍል ነበር፤ ተውኩት።
በማግስቱ "ተኛሁ" አለ። አንዲት ቃል።

ኢፍቱ ደብተሯን ገልጣ፣ ብዕሯን አንስታ ቆየች፤
"ይሄን የትኛው ዓምድ ላይ ልጻፈው፣ ጋሼ?" አለች።
"ወጪ" ልላት አልኩ። "ገቢ" ልላት አልኩ።
ውጭ የአዳማ ነፋስ ሰማያዊውን በር ገጭ አደረገው፤
ተነሣሁ፣ ሰው የመጣ መስሎኝ።