ውታፍ

ምንጣፉን ስገልጠው
ወለል የመሰለኝ ቆዳ ብቻ ኖሯል፤ ካቻቢቴ ስሰካው
እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈርፍሮ ወደቀ፤
ስንት ዓመት እግር ተሸክሞ እንደቆየ እሱው ብቻ ዐወቀ።
ከኋላ ወንበር ሥር፣ ባትሪው የከረመበት፣
አሲድ ጨርሶታል፤ ሣር ይታይበታል፤
አንዲት ቀይ ጉንዳን ብቅ ብላ
"ማነህ?" የምትል ትመስላለች፣ እንደ ባለቤት።

ሽምብጥ ነው፣ ከጓሮ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር፤
ቮልሷ አራት ድንጋይ ላይ ቆማለች፣ ጎማዋን አውልቃ፣ በባዶ እግር።
ሐይቁ ከዚህ አይታይም፤
ግን ሲነጋ ብረቱን ስነካው ላብ አለው።
ጣና አጥር አያውቅም፣ ሌሊት ገብቶ ያድራል፤
የት እንዳደረ የሚናገር ዝገት ነው።

አባቴ የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ መካኒክ ነበረ፤
የሚያፈስ ነገር ካየ፣ ጣራም ይሁን ቧንቧ፣ ሳይጠግን አላደረ።
የሚያፈስ ሰውም አይወድም፤
በእኛ ቤት ወሬ ከበር አይወጣም፣ እንባ ከዐይን አይወርድም።
ቮልሷን የገዛ ዕለት፣ ከሥሯ ተንጋልሎ ገብቶ፣
ክብ ክብ ቀዳዳ አገኘ፣ በጎማ ውታፍ የተከደነ፤
"ጀርመን ምን ነካው? ቀዳዳ መኪና ይሸጣል?" ብሎ ተቆጥቶ
ሬንጅ አቀለጠ፣ አንድ ባንድ ደፈነ።
የውሃ መውጫ እንደሆኑ የነገረው የለም፤
ቢነግሩትም አይሰማም።

ከዚያ ወዲህ የገባ ሁሉ ገብቶ ቀረ።
የሐምሌ ዝናብ በመስኮቱ ጎማ ሾልኮ፣
ቅዳሜ ቅዳሜ ከአሳ አስጋሪዎች የሚጫነው ቀረሶ ያንጠባጠበው፣
መራዊ ሳንደርስ ታናሽ እህቴ ያስመለሰችው፤
ደግሞ አንድ ማታ፣
ከፈለገ ሕይወት ሆስፒታል እናቴ በባዶ እቅፍ ስትመለስ፣
አዲሱን ፎጣ ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣
እሱም ዝም፣ እሷም ዝም፣ የዝናብ መጥረጊያው ብቻ ሲመላለስ፤
እኔ ከኋላ፣ የስድስት ዓመት ልጅ፣ እግሬ ወለል አይደርስ።
ስለዚያ ሕፃን ከዚያ ወዲያ ማንም ቃል አልተናገረ፤
ውሃውም ከምንጣፍ ሥር እንደተኛ፣
ብረቱን ቀስ እያለ ሲቆረጥም ኖረ።

ባይለየኝ መጣ፣ ባትላሜራው፣ መነጽሩ ግንባሩ ላይ።
"ይሄ በስቱኮ አይሸፈንም፤ እስከ ጤነኛው ብረት ቁረጥ።
ዝገት ላይ ብየዳ፣ ጭቃ ላይ መሐላ፣
አንዱም አይዝልህ፤ አትሳሳ፣ ቁረጥ።"
ግራይንደሩ ጮኸ፤ የማንጎው ወፎች ጥለውን ሄዱ፤
በካርቶን ልክ ወስደን ላሜራ ቀደድን፣ ጠርዙን በማርቴሎ አጠፍን፤
ቀኙን ጨርሰን ወደ ግራው ስንዞር
መብራት ጠፋ፣ እንደ ልማዱ።

ባይለየኝ ሲጋራ ሊገዛ ወጣ።
የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ፣ ወለል በሌለበት፣ ሣሩ ላይ፣ መኪናዋ ውስጥ ተቀመጥሁ፤
መሪው አገጬ ድረስ መጣ፤
ያዝሁት፤
አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ልጅ አሳደግሁ፣ አባት ቀበርሁ፤
እዚህች ውስጥ ተቀምጬ ግን
ዛሬ ገና እግሬን መሬት አስነካሁ።

ሲመሽ መብራት መጣ። በየድን፤ ፀረ ዝገት ቀባን፣ ቀይ፣
በማግስቱ ትራፓኖ ሳነሳ ባይለየኝ ራሱን ያዘ፦
"አዲስ ወለል ትበሳለህ? ወይ አንተ ውታፍ ነቃይ!"
ይሳቅ። በሳሁት። አራት ቦታ፣ አባቴ በደፈነው ልክ፤
ጎማ ውታፉ እስኪገኝ ክፍት ይቆያል።
ልጄ ሶልያና ከሥር ተንፏቃ ጣቷን ሰደደች፤
"አባዬ፣ ይታይሃል?"
ይታየኛል፤ ጥፍሯ ሥር ጭቃ አለ።

እናቴ በረንዳው ላይ ምስር ትለቅማለች።
እጄን በነጭ ጋዝ እየታጠብሁ፣ ሳላያት፣
"እማ፣ ያ ሕፃን... ስም ወጥቶለት ነበር?" አልኋት።
ሰፌዱ ቆመ።
ከጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል፤ ባይለየኝ ዕቃውን ይሰበስባል።
"ሴት ነበረች" አለች።
ከምስሩ አንዲት ጠጠር ለይታ ጣለች።