ግራጫዋ ካሬ

ሂርማታ፣ ሐምሌ ነው፤ ቆርቆሮው ይጮሃል፣
መጋረጃው ወርዶ አምፖሉ ይበራል።
ከፎቶው አጠገብ ካርዱን አስተኛሁት፣
ሃያ አራቱን ቀለም መብራት አስጠጣሁት።
አምፖሉ ቢቀጥፍም ግራጫዋ ካሬ
«ይህ ቢጫ ያንተ ነው» ትለዋለች ዛሬ።

ፎቶው ግን እንደቀላ ነው፤
ነጩ ግድግዳ እንኳ ሸክላ መስሏል።

አዴ ሸምሲያ መጡ ጃንጥላ እያራገፉ።
«ሻሼ አረንጓዴ ነበር» አሉ፤
ጣታቸው ካርዱ ላይ ዞረ፦
«ይሄ አይደለም። ይሄም።
ዝናብ ሲያባራ አዌቱ ዳር ያለው።»

ካርዱ የዛሬን መብራት ውሸት ያጋልጣል፤
የአርባ ዓመቱን ከየት አባቱ ያውቃል?

አላቀናሁትም።
ከነቅላቱ፣ ከነካርዱ አስቀመጥኩት፤
ከግርጌው ጻፍኩ፦
ሻሽ፦ አረንጓዴ።
ምስክር፦ ያሰረችው።